ለበጎ አድራጎት ሮክ ለሚጫወቱት የየካ አባዶ ልጆች፦ የቲኬቱ ብር በእጃችሁ አይለፍ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አምስት ጓደኛሞች፣ ሁሉም ቀን ቀን የየራሳቸው ሥራ ያላቸው፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ኪቦርድና ቮካል ሆነው የሮክ ባንድ አቋቁመዋል። ሐሳባቸው ኮንሰርት እየሠሩ ገቢውን ለአረጋውያን መርጃና ደብተር መግዣ ላጡ ተማሪዎች መስጠት ነው። የመጀመሪያውን አንድ ላውንጅ ውስጥ ሠሩ፣ ሰውም መጣላቸው፣ ግን ሳውንድና ምናምን ከተከፈለ በኋላ የተረፈው ብር ይዞ ለመሄድ የሚያሳፍር ሆነ፣ ሰፈር ውስጥም "ብሩን በሉት" የሚል ወሬ ተነሳ። አሁን የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ እንደ ድርጅት እንመዝገብ ወይ፣ ሰፈራችን ሮክ ይሰማልናል ወይ፣ ብሩ በትክክል እንዲደርስስ ምን እናድርግ።

እኔ ሥራዬ ዝግጅት ማዘጋጀት ነው፣ ከሳውንድ ቴክኒሻንነት ተነስቼ ነው ወደዚህ የመጣሁት፣ የገቢ ማሰባሰቢያ ፕሮግራምም ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱ ከተማው ዳር ዳሩን ስሠራ ቆይቻለሁ። ጉዳዩን ስለምወደው ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ዋናውን ላስቀድም። ችግራችሁ ሙዚቃው ላይ አይደለም፣ ሰው ማምጣቱም ላይ አይደለም፣ የቲኬቱን ብርና የዝግጅቱን ወጪ መቀላቀላችሁ ላይ ነው። ለችግረኛ ተብሎ በተሰበሰበ ብር ሳውንድ አይከፈልም፣ ነዳጅ አይገዛም፣ ብሩም እናንተ ኪስ ውስጥ ለአንድ ማታ እንኳን አያድርም። ይሄ ከተስተካከለ ሌላው ቀስ እያለ ይስተካከላል፣ ይሄ ካልተስተካከለ ግን ምንም ያህል አሪፍ ብትጫወቱ ወሬው አይቆምም።

ሂሳቡን አብረን እንየው፣ ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው። ቲኬት 300 ብር ይሁን፣ 150 ሰው ይምጣ፣ 45,000 ብር ሆነ። ሳውንድ ከነቴክኒሻኑ 20,000፣ ጄኔሬተርና ነዳጅ 8,000፣ ቦታ 7,000፣ ፖስተር፣ ማጓጓዣ፣ ውሃና ምሳ 5,000። ቀረ 5,000። ማለትም 300 ብር ለአረጋውያን ብሎ የከፈለ ሰው በትክክል ለአረጋውያኑ የሰጠው 33 ብር ነው። ማንም ምንም አልሰረቀም፣ ሁሉም ወጪ እውነተኛ ነው፣ ግን ያ ሰው ይሄን ሲሰማ የተታለለ ነው የሚመስለው፣ እና ልክ ነው ኮ። የሰፈራችሁ ወሬም ከክፋት የመጣ አይመስለኝም፣ ሰው ሂሳቡን ስላላየ በራሱ ገምቶ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመጀመሪያውን ኮንሰርት ሂሳብ ዛሬውኑ አውጡት፣ ይሄን ያህል ገባ፣ ይሄ ለዚህ ወጣ፣ ይሄ ቀረ፣ ለዚህ ተሰጠ ብላችሁ ከነደረሰኙ ፎቶ ቴሌግራማችሁ ላይ ለጥፉት። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ፣ ትንሹን ደብቆ ከመታማት ትንሹን አሳይቶ መናቅ ይሻላል፣ ደሞ አትናቁም።

ታዲያ ወጪውን ማን ይክፈል? ስፖንሰር። ስፖንሰር ሲባል ግን ባንክና ቢራ ፋብሪካ ደጅ መጥናት ማለት ብቻ አይደለም፣ አዲስ ባንድ ይዞ እዛ መሄድ አብዛኛውን ጊዜ ወራት ፈጅቶ "እናሳውቃችኋለን" ነው መልሱ። እናንተ ጋ የሚሠራው የሰፈር ሰው ነው። የሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ጄኔሬተር ያከራያል ወይ የሚያከራይ ያውቃል፣ ዳቦ ቤቱ ለሠራተኛው ምግብ ይችላል፣ ማተሚያ ቤቱ ፖስተሩንና ቲኬቱን ያትማል፣ ፋርማሲው ወይ ጂሙ የሳውንዱን ግማሽ ይይዛል። በጥሬ ብር ሳይሆን በዕቃና በአገልግሎት ጠይቁ፣ ነጋዴ ብር አውጣ ከሚባል ያለውን ነገር ስጥ ሲባል ይቀለዋል፣ እናንተም ብር አልነካችሁም። ሳውንድ አከራዩንም አትዝለሉት፣ ሥራ በማይኖርበት ረቡዕና ሐሙስ በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ የሚሰጡ አሉ፣ ቅዳሜ ግን ሠርግ ስላለ አትለምኑት። ደንባችሁ ይሄ ይሁን፦ ወጪው በስፖንሰር ሳይሸፈን ቲኬት አይታተምም። ግማሹ ብቻ ከተገኘ ዝግጅቱን አሳንሱት፣ ድራሙን ትታችሁ በአኩስቲክ ጊታርና በካሆን (እንደ ሳጥን ያለ ከበሮ) ሃምሳ ሰው ፊት ተጫወቱ፣ ወጪው ወደ ምንም ይጠጋል።

ጠቀም ያለ ብር ሊሰጥ የሚችል ነጋዴ ካገኛችሁ ደሞ ለእናንተ ሳይሆን በቀጥታ ለድርጅቱ እንዲሰጥና ሕጋዊ ደረሰኝ እንዲቀበል አድርጉት። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለሀገር ውስጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በተቀናሽነት ይያዛል። ይሄን የማያውቅ ነጋዴ ብዙ ነው፣ ስትነግሩት ፊቱ ይፈታል። ለእናንተ ለአምስቱ የሰጠው ግን ከዚህ ውስጥ አይገባለትም።

ይሄ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይወስደኛል፣ እንመዝገብ ወይ ላላችሁት። አትመዝገቡ፣ ቢያንስ አሁን። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለተመዘገበ ድርጅት የሚያመጣውን ኃላፊነት ተመልከቱት፣ ዓመታዊ ሪፖርት፣ የሂሳብ ምርመራ፣ ቦርድ፣ አስተዳደራዊ ወጪን ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ በታች መያዝ፣ አምስት ሙዚቀኛ ይሄን ሲሯሯጥ ሪሃርሳሉ ይሞታል። እናንተ ባንድ ሁኑ፣ ድርጅቱ ድርጅት ይሁን። ተመዝግቦ የሚሠራ፣ ሂሳቡን የሚያስመረምር፣ በራሱ ስም አካውንት ያለው ድርጅት ምረጡና ዝግጅቱ የሱ ይሁን፣ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚያስፈልገውንም ፈቃድና ደብዳቤ እሱ ያውጣ፣ እናንተ በእንግድነት የምትጫወቱ ባንድ ናችሁ። ያንን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ ማን ቲኬት ያትማል፣ ብር የት አካውንት ይገባል፣ በስንት ቀን ደረሰኝ ይሰጣል፣ ብሩ ለምን ይውላል።

ይሄ ቀድሞ መነጋገር የሚባለው ነገር ትልልቆቹንም ጠልፎ ጥሏል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1971 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ የቢትልሱ ጊታሪስት ጆርጅ ሃሪሰንና የሕንዱ ሲታር ተጫዋች ራቪ ሻንካር ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኮንሰርት አዘጋጁ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተጫውተው ከመግቢያው ወደ 243 ሺህ ዶላር ለዩኒሴፍ ገባ፣ ጥሩ። ከአልበሙና ከፊልሙ የመጣው ብዙ እጥፍ ብር ግን ዝግጅቱ ከመጀመሪያው በበጎ አድራጎት ስም ስላልተመቻቸ ከአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ጋር ክርክር ውስጥ ገብቶ ዓመታት ተያዘ። ስደተኛው ዛሬ ነው የራበው፣ ብሩ ግን ከዓመታት በኋላ ነው የሚለቀቀው። የዓለም ዝነኛ ሰዎች ከነጠበቆቻቸው ያጋጠማቸው ነገር የካ አባዶ ላይ አምስት ልጆችን አያጋጥምም ማለት አይቻልም፣ መጠኑ ነው የሚለየው።

የብር አሰባሰቡን በተመለከተ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ነገር አቅልሎልናል፣ ችግሩ ብዙ ባንዶች የራሳቸውን ስልክ ቁጥር ፖስተር ላይ ይጽፋሉ። አይሆንም። የድርጅቱ የራሱ የነጋዴ ቁጥር ወይ የባንክ አካውንት ይጻፍ፣ ሰው ሲከፍል የድርጅቱ ስም ይምጣለት፣ በር ላይ ስክሪንሾቱን ያሳይ። በጥሬ ብር ለሚከፍል ሰው ተከታታይ ቁጥርና ቀሪ ያለው ቲኬት ይኑር፣ እያንዳንዱ ሻጭ ከስንት እስከ ስንት ቁጥር እንደወሰደ ይፈርም፣ ያልተሸጠው ተመልሶ ይቆጠር። ማታ ብሩን የሚቆጥሩት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ አንዱ ከድርጅቱ፣ አንዱ የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ፣ ከባንዱ ማንም እንዳይቀመጥ። የእድር ገንዘብ ያዥ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ሰፈሩ ቀድሞውኑ ብሩን አምኖ የሰጠው ሰው ነው፣ እሱ "ቆጥሬዋለሁ" ካለ የእናንተ መቶ ፖስት የማይሠራውን ይሠራል።

እድሩን ካነሳሁ አይቀር፣ ለምን እዛው አትጀምሩም? ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ሰውን ቤት ለቤት የሚጠራ ሰው አለው፣ ከሁሉም በላይ ማን ቤት እንጀራ እንደጠፋ ያውቃል። ኮንዶሚኒየም ላይ ብሎክ ኮሚቴውም እንደዚሁ ነው። ለችግረኛ ተማሪዎች ካላችሁ ስማቸውን የሚያውቀው የሰፈሩ ትምህርት ቤትና እድሩ ነው፣ እናንተ ከመንገድ መርጣችሁ አትሰጡም።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ለምን ዓይነት ችግር ነው የምትጫወቱት የሚለው። ኮንሰርት የአንድ ቀን ብር ነው፣ ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ችግር ይመቻል፣ ለደብተርና ዩኒፎርም፣ ለዊልቸር፣ ለሚያፈስ ጣሪያ፣ ለፍራሽ። በየሳምንቱ ለሚመላለስ ችግር ግን ብቻውን አይበቃም። የኩላሊት እጥበት አስቡት፣ ብዙ ታማሚ በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አራት ሰዓት ገደማ ማሽን ላይ መተኛት አለበት፣ አንድ ኮንሰርት የሁለት ወሩን ሸፍኖ በሦስተኛው ወር ቢያቆም ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ነው። እንደዛ ዓይነት ችግር ከመረጣችሁ የኮንሰርቱ ግብ ቲኬት መሸጥ አይሁን፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚሰጥ ሰው መመዝገብ ይሁን፣ በሁለት ዘፈን መሃል ቅጹ ይዙር፣ መቶ ሰው በወር መቶ መቶ ብር ቢፈርም 10,000 ብር በየወሩ ማለት ነው። የአረጋውያን መርጃም የምግብ፣ የሳሙና፣ የአዋቂ ዳይፐርና የመድኃኒት ወጪው በየቀኑ ነው። አያት አካባቢ መቄዶንያ አለላችሁ፣ ሩቅ አይደለም፣ ቅዳሜ ሄዳችሁ የሚያስፈልጋቸውን ጠይቁ፣ ምን እንደሚፈልጉ ሳትጠይቁ ይዛችሁ አትሂዱ። ልብስ ተርፎ ሳሙና ያለቀበት ቦታ ልብስ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው።

ለተማሪዎቹ ደሞ ከብር የሚሻል መንገድ አለ፣ መግቢያው ራሱ ዕቃ ይሁን። "መግቢያ አንድ ደርዘን ደብተር" ብላችሁ ለጥፉ፣ በር ላይ ጠረጴዛ ይኑር፣ የትምህርት ቤቱ ሰው እዛው ቆጥሮ ይረከብ። ብር የለም፣ ሐሜት የለም፣ ሕፃን ልጅ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብም ልጁ ደብተር ሲሰጥ ማየት ይወዳል።

ቀኑን ስትመርጡ ከካሌንደሩ ጋር አትጣሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰው ጭፈራ አይወጣም፣ በረመዳንም ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን ታጣላችሁ። ለተማሪ ከሆነ ከመስከረም በፊት ማለቅ አለበት፣ ፍልሰታ ደሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ስለዚህ የሚቀራችሁ ከነሐሴ 16 እስከ ጳጉሜን ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ናት፣ እሷ ላይ ደሞ ዝናብ አለ፣ እና የግድ ጣሪያ ያለው ቦታ። ደሞዝ ከገባ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ወይ እሁድ ከሌሎቹ በጣም ይለያል፣ ወሩ አጋማሽ ላይ ቲኬት መሸጥ መከራ ነው። ሰዓቱን ከቀኑ 8 እስከ 12 አድርጉት። ዳር ከተማ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ታክሲ ማግኘት ምን እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ፣ ሴት ልጅ ያለው ቤተሰብ በዛ ሰዓት አይለቅም። በቀን መሆኑ ለድምፁም ይጠቅማችኋል፣ በሀገራችን የአካባቢ ድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55 ማታ 45 ዲሲቤል ነው፣ ድራምና ጊታር አምፕ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ይዞ 45 ውስጥ መቆየት ብሎኮች መሃል የማይሆን ነገር ነው።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር፣ እናንተ ጋ ብቻ ያለ ችግር ነው። የካ አባዶ አዲስ አበባ ነው፣ መንገዱን ትንሽ ተሻግራችሁ ለገጣፎ ከገባችሁ ግን በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው ሸገር ከተማ ሥር ናችሁ፣ ኦሮሚያ ነው፣ ወረዳው ሌላ፣ ፖሊሱ ሌላ፣ ደብዳቤውም ሌላ። ከአዲስ አበባ ወረዳ ያወጣችሁት ወረቀት ለገጣፎ አዳራሽ ላይ አይሠራም። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላን ላይም እንደዛው ነው። መጀመሪያ አዳራሹ የማን ክልል እንደሆነ አረጋግጡ፣ ከዛ ደብዳቤውን የድርጅቱ ማኅተም ያለበት አድርጋችሁ ቀደም ብላችሁ አስገቡ፣ የቅርቡን ፖሊስ ጣቢያም በአካል ሄዳችሁ አነጋግሩ። ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ አጠገብ ከሆነ አስተዳዳሪዎቹን ሄዶ ማናገር ከወረቀቱ በላይ ይጠቅማል።

አዳራሽ ማለት ለእናንተ አብዛኛውን ጊዜ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል ወይ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ። እዛ ውስጥ ሮክ ሲጫወቱ ድምፁ እየተመላለሰ ቃሉ አይሰማም፣ ቮካሉ አይሰማም ሲባል ቮካል ይጨመራል፣ ከዛ ማይኩ ያፏጫል፣ ከዛ ጊታሩ ይጨመራል፣ ሰው ራሱን ይዞ ይወጣል። መፍትሔው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ከእድሩ ድንኳን ሸራውን ለምናችሁ ከመድረኩ ጀርባና ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ምንጣፍ ከድራሙ ሥር አንጥፉ፣ ጊታር አምፑን ከመሬት አንስታችሁ ወደ ጊታሪስቱ ጆሮ አዙሩት፣ ራሱን በደንብ ሲሰማ ይቀንሰዋል። ስፒከሮቹን ከማይኮቹ ፊት አስቀድሟቸው፣ ከኋላ አይሁኑ። ጆሮም አለ፣ 85 ዲሲቤል ላይ ስምንት ሰዓት መቆየት የሚችል ጆሮ በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚችለው፣ ሕፃናትና አዛውንት ያሉበት ዝግጅት ነው፣ ስፒከር ሥር ወንበር አትደርድሩ። አረጋውያን መርጃው ግቢ ውስጥ ልትጫወቱ ካሰባችሁ ደሞ ጊታሩን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽንና ድራሙን ቤት ትታችሁ ሂዱ፣ የአእምሮ ሕመምተኞች ያሉበት ቦታ ከሆነማ አስታማሚዎቹን ሳታማክሩ አንድ ማይክ እንኳን አታብሩ።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ጀምሩ። ጄኔሬተር ስትከራዩ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። እዚህ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነን፣ አየሩ ሳስቷል፣ ተርቦቻርጀር (አየር የሚገፋለት ክፍል) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል፣ ሩቡን ያህል ጠፋ ማለት ነው። 10 ኬቪኤ የሚል ማሽን በወረቀት 8 ኪሎዋት ነው፣ እዚህ ግን 6 ብላችሁ አስቡት። ሳውንድና መብራት ብቻ ከሆነ ይበቃል፣ ሰው የቡና ማሽን ወይ ምጣድ ሶኬቱ ላይ ሲሰካ ግን በዘፈኑ መሃል ትጨልማላችሁ፣ ስለዚህ የመድረኩ መስመር ለብቻው ይሁን፣ አንድ ሰው ይጠብቀው። ሚክሰሩና ኪቦርዱ በስታቢላይዘር ይሂዱ። እና መሬት! ብዙ ቦታ ሶኬቱ ላይ የመሬት መስመር የለም፣ ጊታሪስቱ ከንፈሩ ማይክ ሲነካ የሚነዝረው ለዚህ ነው፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሰው ይገድላል፣ ከሳውንድ ቼክ በፊት ኤሌክትሪሻን ይፈትሽላችሁ።

ሰፈሩ ሮክ ይሰማል ወይ ላላችሁት፣ ይሰማል። ጃኖ ባንድ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ብቅ ሲል ሮክ በአማርኛና በኛ ቅኝት እንደሚሄድ አሳይቶናል፣ በዓለም ላይ በጣም ከታወቁት የሮክ የእርዳታ ኮንሰርቶች አንዱም፣ ላይቭ ኤድ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተደረገው፣ በኛው ረሃብ ምክንያት ነው የተነሳው። እኛ ለራሳችን ሰው በዛው ሙዚቃ ብንሰባሰብ በጣም የሚያምር ነገር ነው፣ ከልቤ ነው የምለው። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ የእንግሊዝኛ ኮቨር አትደርድሩ። የሚታወቀውን ዜማ በራሳችሁ መንገድ አምጡት። ፓወር ኮርድ መነሻውንና አምስተኛውን ኖታ ብቻ ይዞ ሦስተኛውን ስለማይዝ ከቅኝቶቻችን ጋር አይጣላም፣ ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ላይ ከመነሻው ኖታ አምስተኛው ስላለ ዲስቶርሽን አድርጋችሁ ብትመቱት ያምራል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ከመነሻው ያለው አምስተኛ እዛ ቅኝት ውስጥ የለም፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ነው ያለው፣ መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ ካስቀመጣችሁ ከዘፋኙ ጋር ይጋጫል፣ እዛ ላይ ነጠላ ኖታ ሪፍ ተጫወቱ። መሃል ላይ አንድ ሁለት ችክችካ ካስገባችሁ እናቶችም ይነሳሉ፣ እናቶች ከተነሱ ደሞ ብሩ ይመጣል።

ስለ ባለቤትነትም ላንሳ፣ "ለበጎ አድራጎት ነው" ማለት የሰው ዘፈን በቲኬት ለመጫወት ፈቃድ አያስቀርም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 የተሻሻለው፣ ሥራውን ለሕዝብ የማቅረብን መብት ለባለቤቱ ነው የሚሰጠው። ባለቤቶቹን አግኝታችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ለምን እንደሆነ ሲሰሙ እሺ የሚሉት ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹ መጥተው አብረው ይዘፍናሉ።

እናቶች ይነሳሉ ካልኩ ሽልማቱን ተዘጋጁበት። በኛ ሀገር ሰው ሞቅ ሲለው ዘፋኝ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል፣ ያ ብር የማን ነው? የሸለመው ሰው ለድርጅቱ የሰጠ ይመስለዋል፣ ድራመሩ ደሞ ለባንዱ ነው ሊል ይችላል። ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ማይክ ላይ "ዛሬ ሽልማት በሙሉ ለአረጋውያኑ ነው፣ ሳጥኑ ይሄው" ተብሎ ይነገር፣ መድረኩ ጫፍ ላይ የሚያሳይ የመስታወት ሳጥን ይቀመጥ፣ ግንባር ላይ የተለጠፈውም ወዲያው በሰው ፊት እዛ ይግባ። ከቲኬት በላይ ብር የሚያመጣው ግን ጨረታ ነው። ከሰፈሩ ሠዓሊ አንድ ሥዕል ወይ ድፎ ዳቦ ይቅረብ፣ የሚያጫርተው የሰፈሩ ተወዳጅ ተናጋሪ ይሁን፣ አሸናፊው መልሶ ይስጠው፣ ድጋሚ ይጫረት። ቃል የተገባ ብር ላይ ግን አትደሰቱ፣ ቃል የሚገባውን ሰው ስምና ስልክ የድርጅቱ ሰው እዛው ይጻፍ፣ የሚችል በቴሌብር እዛው ይክፈል፣ ማግስቱን የሚደውለውም ድርጅቱ እንጂ እናንተ አትሁኑ። ሪፖርት ስታደርጉም ቃል የተገባውን ለብቻው፣ የገባውን ለብቻው ጻፉት።

የሚረዱትን ሰዎች መድረክ ላይ አታውጡ። ሕፃን ልጅ ደብተር ታቅፎ ፎቶ ይነሳና ነገ ትምህርት ቤት ውስጥ "የእርዳታ ልጅ" ይባላል፣ ያ ደብተር ያመጣለትን ያህል ይወስድበታል። ርክክቡን ከድርጅቱ ኃላፊ ጋር ፎቶ ተነሱ፣ በቂ ነው። ማስታወቂያውም ላይ የተኮማተረ የአዛውንት ፊት አትለጥፉ፣ የእናንተን የባንዱን ፎቶ ለጥፉ።

የመጨረሻው ስለ ጓደኝነታችሁ ነው። አንድ ሁለት ጥሩ ዝግጅት ስትሠሩ ከየቦታው "ለኛም ተጫወቱልን" ይመጣል፣ ሁሉም እውነተኛ ችግር ነው፣ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ እሺ ካላችሁ ደሞ በዓመቱ ቤዚስቱ ከሥራው ተጣልቶ ባንዱ ይበተናል። በዓመት ሁለት ትልቅ ዝግጅት ይበቃል፣ ለአንድ ዓመት አንድ ድርጅት፣ በመሃል መሃል ትንንሽ አኩስቲክ። ለሌላው "የዚህ ዓመቱ ተይዟል፣ ለሚቀጥለው ስማችሁን ጽፈናል" በሉት። ለድካማችሁ ብር አትወስዱም ካላችሁ ጥሩ፣ ግን የታክሲና የገመድ የሚያወጣው ሁሌ አንዱ ልጅ ከሆነ ቂም ይሆናል፣ ስለዚህ በየወሩ እኩል የምታዋጡበት እንደ እቁብ ያለ የባንድ መዋጮ ይኑራችሁ፣ እሷም ከኮንሰርቱ ብር ጋር በፍጹም አትገናኝ፣ ብሩን የሚይዘውም በየስድስት ወሩ ይቀየር። አምፑ የማን ነው፣ በጋራ የተገዛው ሚክሰር አንዱ ቢወጣ ምን ይደረጋል፣ የባንዱ ስም ከማን ጋር ይቀራል የሚለውን ፍቅር ሳለ ጽፋችሁ አምስታችሁም ፈርሙበት፣ አንድ ኮፒ የእድሩ ሰው ጋ አስቀምጡት።